ባርቤኪዩ ሶስ፡ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? በቤት ውስጥስ እንዴት ይዘጋጃል?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በናይሮቢ ጭሱን ተከትሎ የሚሄድ ሰው መድረሻው አይጠፋውም። ከሰል ላይ የተጋደመ የፍየል ጎድን፣ በእንጨት ገበታ ላይ የሚከታተፍ ሥጋ፣ ከጎኑ ጨው እና ‘ካቹምባሪ’ የሚባለው የቲማቲም፣ የሽንኩርትና የቃሪያ ሰላጣ። ኬንያውያን ‘ኛማ ቾማ’ የሚሉት ይህ የሥጋ ጥብስ ከዚህ የዘለለ ማባያ አይፈልግም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በሞምባሳ ደግሞ በሽቦ ተሰክቶ የሚጠበሰው ‘ሚሽካኪ’ ጎምዛዛ ማባያ ይቀርብለታል። ሶማሌዎች ‘ባስባስ’ አላቸው፤ ኢትዮጵያውያን አዋዜና ዳጣ።

ከእነዚህ ሁሉ ጎን ግን ባለፉት ዓመታት አንድ እንግዳ ቦታ ይዟል። በናይሮቢ፣ በካምፓላም ሆነ በአዲስ አበባ የገበያ አዳራሾች መደርደሪያ ላይ ከካቻፑ አጠገብ የሚቆመው ጥቁር ቀይ ጠርሙስ፣ ባርቤኪዩ ሶስ። በየበርገር ቤቱ ይቀርባል፤ ዶሮ ይለወስበታል፤ ለልጆች የድንች ጥብስ ማጥቀሻ ይሆናል።

ከውጭ የሚገባው ጠርሙስ ግን ርካሽ አይደለም። በኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22/2016 ዓ.ም. በኋላ፣ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሁሉ የዚህ ጫና አርፎበታል። ከዋጋው በላይ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ በጠርሙሱ ውስጥ ምን ያህል ስኳር፣ ምን ያህል ጨው፣ ከየት የመጣስ በርበሬ አለ?

ሶሱን በቤት ውስጥ ለመሥራት የሚያስፈልገው ሁሉ በአካባቢው ገበያ ይገኛል። የሚፈጀው ጊዜም ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም አይበልጥም። ሆኖም እያንዳንዱ ግብዓት ምን እንደሚሠራ፣ የትኛውስ ስህተት ጉዳት እንደሚያስከትል አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል።

ስሙ ከካሪቢያን፣ ባለሙያዎቹ ከአፍሪካ

‘ባርቤኪዩ’ የሚለው ቃል ‘ባርባኮዋ’ ከተሰኘው የስፓኒሽ ቃል የመጣ ነው። ስፔናውያኑ ደግሞ ቃሉን የወሰዱት ከካሪቢያን ደሴቶች ነባር ሕዝቦች ከታይኖዎች እንደሆነ ይታመናል። ትርጉሙም ከመሬት ከፍ ብሎ የሚተከል፣ ሥጋና ዓሣ የሚደረደርበት የእንጨት ቆጥ ነበር።

ቃሉ ወደ ሰሜን አሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሲሻገር ሥራው በአብዛኛው በባርነት በተያዙ አፍሪካውያን ትከሻ ላይ ወደቀ። ለባለ ርስቶች ድግስና ለፖለቲካ ስብሰባዎች ጉድጓድ የሚቆፍሩት፣ እንጨት አንድደው ፍም የሚያወጡት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሥጋውን የሚያገላብጡት እነርሱ ነበሩ። የምግብ ታሪክ ጸሐፊዎቹ ማይክል ትዊቲ እና አድሪያን ሚለር በመጻሕፍቶቻቸው የአሜሪካ ባርቤኪዩ ያለ ጥቁር አብሳዮች እጅ ሊታሰብ እንደማይችል በስፋት አሳይተዋል።

በዚህ ረገድ አንድ ምስክርነት ተመዝግቦ ይገኛል። እአአ በ1930ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት በባርነት ያለፉ አረጋውያንን ቃል ሲያሰባስብ፣ የሳውዝ ካሮላይና ነዋሪ የነበሩት ዌስሊ ጆንስ ሌሊቱን ሥጋ ሲጠብሱና ማባያ ሲቀቡ ያድሩ እንደነበር ተናግረዋል። የማባያውንም ይዘት ዘርዝረዋል፤ ኮምጣጤ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቀይ በርበሬ፣ ጨው፣ ቅቤ፣ ድንብላል፣ በሶብላ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት እንዲሁም ሴጅ የተባለው መዓዛማ ቅጠል። ጥቂት ስኳር የሚጨምሩ ሰዎች እንደነበሩም ጠቅሰዋል።

ዝርዝሩን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ አብሳይ ከአንዱ ቅጠል በስተቀር የሚያስደንቀው ነገር አያገኝም። ቅቤው፣ ድንብላሉ፣ በሶብላው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ በርበሬው ሁሉም በራሱ ጓዳ ውስጥ ያለ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ቲማቲም አለመኖሩም ልብ ይሏል። ዛሬ የምናውቀው ወፍራም፣ ቀይና ጣፋጭ ሶስ ከጊዜ በኋላ የመጣ ነው።

አንድ ስም፣ ብዙ ዓይነት

በአሜሪካ ‘የባርቤኪዩ ሶስ’ ሲባል እንደየአካባቢው የተለያየ ነገር ነው። በሰሜን ካሮላይና ምሥራቃዊ ክፍል እንደ ውሃ የቀጠነ፣ ከኮምጣጤ፣ ከበርበሬና ከጨው ብቻ የሚሠራ ነው። የጀርመን ሰፋሪዎች በነበሩባቸው የሳውዝ ካሮላይና አካባቢዎች መሠረቱ ሰናፍጭ ነው፤ ቀለሙም ቢጫ ነው። በአላባማዋ ዲኬተር ከተማ ቢግ ቦብ ጊብሰን የተባለ ሰው እአአ በ1925 የጀመረው ሶስ በማዮኔዝና በኮምጣጤ የሚሠራ ነጭ ነው። በማዕከላዊ ቴክሳስ ደግሞ ልክ እንደ ናይሮቢዎቹ ሥጋ ወዳጆች፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይበቃል የሚሉ አሉ።

ዓለም በጠርሙስ የሚያውቀው ግን የካንሳስ ሲቲውን ዓይነት ነው። የዚያች ከተማ የባርቤኪዩ አባት ተደርጎ የሚወሰደው ሄንሪ ፔሪ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ከቴነሲ መጥቶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በጭስ የበሰለ ሥጋ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይሸጥ ነበር። የእርሱ ሶስ የሚያቃጥል እንጂ የሚጣፍጥ አልነበረም። ቲማቲሙና ሞላሰሱ እየበረከተ የመጣው ከእርሱ በኋላ ነው። ፋብሪካዎች ሶሱን በብዛት ማምረት ሲጀምሩ ጣፋጩ ዓይነት አሸንፎ ወጣ።

ለሶሱ ጠቆር ያለ ጎምዛዛነት የሚሰጠው ሌላው ግብዓት ‘ዉስተርሺር’ የተባለው የእንግሊዞች ማጣፈጫ ነው። በውስጡ ኮምጣጤ፣ ሞላሰስ፣ አንቾቪ የተሰኘ ትንሽ ዓሣ እና ሁመር አለ። ለጾም ብሎ ባርቤኪዩ ሶስ የሚገዛ ሰው ይህን ላያውቅ ይችላል። ሁመር ደግሞ ለምሥራቅ አፍሪካ እንግዳ አይደለም። በአረብኛ ‘ተምር ሂንዲ’፣ ማለትም የሕንድ ተምር፣ ተብሎ በዚሁ ስም በዓለም ቢታወቅም የዛፉ ጥንተ መገኛ የአፍሪካ ሞቃታማ ክፍል ነው። የሞምባሳው ሚሽካኪ ጎምዛዛ ማባያም የሚሠራው ከዚሁ ፍሬ ነው፤ በስዋሂሊ ‘ኡክዋጁ’ ይባላል።

የ2005ቱ ድንጋጤ

በጠርሙስ የታሸገ ማባያ የሚያስከትለውን አደጋ በግልጽ ያሳየው ክስተት የደረሰው በብሪታንያ ነው። እአአ በየካቲት 2005 የአገሪቱ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶች ከገበያ እንዲነሱ አደረገ። ምክንያቱ አንድ ነበር። ‘ሱዳን 1’ በተባለ የኢንዱስትሪ ቀለም የተበከለ የበርበሬ ዱቄት አንድ የዉስተር ሶስ ውስጥ ገብቶ ነበር። ያ ሶስ ደግሞ ለሾርባ፣ ለፒዛ፣ ለሰላጣ ማጣፈጫና ለተዘጋጁ ምግቦች ሁሉ ግብዓት ሆኖ ተሠራጭቷል።

‘ሱዳን 1’ ሰምና የጫማ ቀለም ለማቅላት የሚውል ኬሚካል ነው። ካንሰር ሊያስከትል ይችላል በሚል ስጋት ከምግብ ጋር መቀላቀሉ የተከለከለ ነው። በርበሬ ላይ የሚጨምሩት ነጋዴዎች ዓላማ ያረጀ ወይም ደረጃው የወረደ ዱቄት ደማቅ ሆኖ እንዲታይ ማድረግ ነው።

ችግሩ የሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ ተያዘ የሚለው ዜና በተደጋጋሚ ይሰማል። ከማጭበርበሩ ሌላ የተፈጥሮ አደጋም አለ። በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ በርበሬ ላይ የሚያድጉ አንዳንድ የሻጋታ ዓይነቶች አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫሉ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም አፍላቶክሲንን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡ ነገሮች መካከል መድቦታል፤ ዋነኛ ተጠቂውም ጉበት ነው። እአአ በ2004 በምሥራቅ ኬንያ በዚሁ መርዝ በተበከለ በቆሎ ሳቢያ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። የአውሮፓ ኅብረትም ከኢትዮጵያ የሚገቡ በርበሬና ሌሎች ቅመሞችን በአፍላቶክሲን ስጋት በድንበር ላይ ጠበቅ ያለ ፍተሻ ከሚደረግባቸው ምርቶች መካከል አካቷል።

አፍላቶክሲን በተለመደው የማብሰያ ሙቀት አይጠፋም። ድስቱ ምንም ያህል ቢፈላ የተበላሸ በርበሬ አይድንም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሶስ የሚሠራ ሰው የመጀመሪያ ሥራው በርበሬውን ሳይፈጭ፣ ዛላውን ዓይቶ መግዛት ነው። ዛላው ሲሰበር የሚንኮሻኮሽ፣ ውስጡ ግራጫ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ የሌለበት፣ ሽታው ያልታፈነ መሆን አለበት። ጥቂት ሻጋታ የታየበትን አጥቦ ወይም አድርቆ ለመጠቀም መሞከር አይመከርም።

ስኳሩ ስንት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል በስኳር መልክ የሚመጣው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። 2 ሺህ ካሎሪ ለሚመገብ አዋቂ ይህ ከ50 ግራም እና ከ25 ግራም ስኳር ጋር ይመጣጠናል። የጨው ምክረ ሐሳቡ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም።

በገበያ ላይ ያሉ በርካታ የባርቤኪዩ ሶሶች በሁለት የሾርባ ማንኪያ ውስጥ ከ10 ግራም በላይ ስኳር ይይዛሉ። ሥጋውን በሶስ አጥለቅልቆ የሚበላ ሰው ለስላሳ መጠጥ ሳይጠጣ የቀኑን ግማሽ ድርሻ ሊያልፍ ይችላል። ይህን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የጠርሙሱን ጀርባ ማንበብ ነው። ግብዓቶች የሚጻፉት ከብዙ ወደ ጥቂት በክብደታቸው ቅደም ተከተል ነው። ከቲማቲሙ በፊት ስኳር ወይም የበቆሎ ሽሮፕ ከተጻፈ፣ ገዢው በዋናነት የሚገዛው ያንን ነው።

በቤት የሚሠራው ሶስም ስኳር ያስፈልገዋል፤ ልዩነቱ መጠኑን የሚወስነው ራሱ አብሳዩ መሆኑ ነው።

እያንዳንዱ ግብዓት ምን ይሠራል?

ጥሩ ሶስ የሚቆመው በኮምጣጣ፣ በጣፋጭ፣ በጨው፣ በሚያቃጥል እና ምላስ ላይ በሚቆይ ጥልቅ ጣዕም ሚዛን ላይ ነው።

ቲማቲሙ ለሶሱ አካል ይሰጠዋል። በደንብ የቀላና የበሰለው ይመረጣል፤ ጠንካራውና ሐመሩ ብዙ ውሃና ጥቂት ጣዕም ነው ያለው። ትኩስ ቲማቲም ሲወደድ 200 ግራም የቲማቲም ድልህ ከሁለት ብርጭቆ ውሃ ጋር ይተካዋል። ይሁንና ድልሁ ጨው የተጨመረበት ከሆነ ከሌላው ጨው ላይ መቀነስ ያስፈልጋል።

ኮምጣጤው ወይም አቼቶው የሥጋውን ስብ ይቆርጣል፤ ሶሱንም ከብልሽት ይጠብቃል። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ አሲድ የሚል መኖሩን ማየት ተገቢ ነው።

ጣፋጩ ቡናማ ስኳር ወይም ማር ሊሆን ይችላል። ሞላሰስ የአገዳ ስኳር ተረፈ ምርት ነው፤ በኢትዮጵያ ከስኳር ፋብሪካዎች የሚወጣው በአብዛኛው ለከብት መኖና ለኢታኖል የሚውል በመሆኑ ለምግብ ተብሎ ያልተዘጋጀውን መጠቀም አይገባም። ማር የገባበት ማንኛውም ምግብ ደግሞ ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን አይሰጥም።

ሰናፍጩ ዘይቱና ውሃው እንዳይለያዩ ያያይዛል፤ አፍንጫን የሚነካ ሹልነትም ይጨምራል። በጾም ወቅት የሚበጠበጠው የአገር ቤት ሰናፍጭ ለዚህ ይሆናል። ሁመሩ ዉስተርሺሩን ይተካል፤ ዓሣ የሌለበት በመሆኑም ሶሱን የጾም ያደርገዋል።

አዘገጃጀት

የሚከተለው መጠን ግማሽ ሊትር አካባቢ ሶስ ይወጣዋል።

• 1 ኪሎ ግራም የበሰለ ቲማቲም
• 1 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት
• 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት
• 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት
• 120 ሚሊ ሊትር ኮምጣጤ
• 80 ግራም ቡናማ ስኳር ወይም 60 ግራም ማር
• 2 የሾርባ ማንኪያ የሁመር ጭማቂ
• 1 የሾርባ ማንኪያ የተበጠበጠ ሰናፍጭ
• 1 የሻይ ማንኪያ ጨው
• ከ1 እስከ 2 የሻይ ማንኪያ በርበሬ
• ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ
• ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከሙን

ሁመሩ ለ20 ደቂቃ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ በእጅ ይታሻል፤ ፍሬውና ጭረቱ በወንፊት ይወገዳል። ቲማቲሙ ለአንድ ደቂቃ የፈላ ውሃ ውስጥ ገብቶ ልጣጩ ይነሳና ይከተፋል።

ደቅቆ የተከተፈው ሽንኩርት በዘይቱ በመጠነኛ እሳት ወርቃማ እስኪሆን ይቁላላል። እዚህ ላይ መቸኮል ጉዳት አለው፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ የተቁላላ ሽንኩርት የራሱን ስኳር ስለሚያወጣ የሚጨመረውን ስኳር ለመቀነስ ያስችላል። ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ከሙኑና ቁንዶ በርበሬው ገብተው ለአንድ ደቂቃ ያህል ይታሻሉ። በርበሬ ሲያርር ስለሚመርር ጠብታ ውሃ ማከል ይረዳል። ወጥ ለሚሠራ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም።

ቲማቲሙ ተጨምሮ 20 ደቂቃ ከበሰለ በኋላ ኮምጣጤው፣ ስኳሩ፣ ሁመሩ፣ ሰናፍጩና ጨው ይገባሉ። ሶሱ በዝግታ እሳት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ እየተማሰለ ይመጠጣል። ሲወፍር ስለሚረጭ ክዳኑ ገርበብ ብሎ መቀመጥ አለበት። ማማሰያው በድስቱ መሐል ሲሳብ የሚተወው መስመር ለአፍታ ሳይሞላ ከቆየ ደርሷል ማለት ነው። በመጨረሻም በርዶ ይፈጫል፤ በወንፊት ቢወርድ ይበልጥ ይለሰልሳል። ከተፈጨ በኋላ እንደገና አንድ ጊዜ ተንተክትኮ በትኩሱ ወደ ማስቀመጫው ይገለበጣል።

በዚህ መጠን ከተሠራ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶስ የሚደርሰው የተጨመረ ስኳር 5 ግራም አካባቢ ነው። ቅምሻው ላይ የሚጎድል ካለ በጥቂት በጥቂቱ ይስተካከላል። ጣዕሙ የጠፋ ሲመስል ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ስኳር ሳይሆን ጨው ወይም ኮምጣጤ ነው።

የጭስ ጣዕም የሚፈልግ ሰው በጠርሙስ የሚሸጠውን የጭስ ፈሳሽ መግዛት ግድ አይሆንበትም። ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን ከመክተፉ በፊት በከሰል ላይ ልጣጩ እስኪጠቁር ጠብሶ ጥቁሩን አንስቶ መጠቀም ይችላል።

ከፍታው እና ድስቱ

በአሜሪካ መጻሕፍት የተጻፈው የማብሰያ ጊዜ በአዲስ አበባ የማይሠራበት ምክንያት አለ። ከባህር ጠለል በላይ ከፍ ሲባል የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃም በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በሞምባሳ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። በናይሮቢ በ94 አካባቢ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ደግሞ በ92 አካባቢ ይፈላል። በደጋ የሚኖር አብሳይ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ እስኪለሰልሱ ተጨማሪ ጊዜ መስጠት አለበት፤ ማስቀመጫ ጠርሙሶችን በፈላ ውሃ ሲያጸዳም እንዲሁ።

ድስቱም ጥንቃቄ ይሻል። ቲማቲም፣ ኮምጣጤና ሁመር ሦስቱም አሲድ ናቸው። አሲድ በአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲፈላ ብረቱን እየበላ ወደ ምግቡ ያወርደዋል፤ የብረት ጣዕምም ይሰጠዋል። ከተጣሉ የብረት ቁርጥራጮች ቀልጠው በእጅ የሚሠሩ ድስቶች ደግሞ የባሰ ስጋት አለባቸው። እአአ በ2017 የታተመ፣ ኬንያንና ታንዛንያን ጨምሮ ከ10 አገራት የተሰበሰቡ የአሉሚኒየም ማብሰያዎችን የፈተሸ ጥናት ከበርካቶቹ እርሳስ እንደሚወጣ አግኝቷል። እርሳስ በተለይ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ለዚህ ሶስ የማይዝግ ብረት ወይም ሽፋኑ ያልተላጠ የኢሜል ድስት ይመረጣል። የሸክላ ድስት የሚጠቀም ሰው ቀለም የተቀባ አለመሆኑን ያረጋግጥ።

መቼ ይቀባል?

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሶሱን ሲሠሩ ሳይሆን ሲቀቡ ነው። ስኳር በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ማረር ይጀምራል። በማር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፍሩክቶስ ደግሞ በ110 አካባቢ ቀለሙን ይቀይራል። የጋለ ከሰል ላይ ያለ ሽቦ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ ጥሬ ሥጋ ላይ ሶስ ቀብቶ እሳት ላይ የሚያስቀምጥ ሰው የሚያገኘው ውጩ ከሰል፣ ውስጡ ጥሬ የሆነ ሥጋ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ሥጋውን በጨውና በቅመም ብቻ ጠብሶ ሊደርስ 10 ደቂቃ ያህል ሲቀረው መቀባት ነው። በስስ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢቀባ እያንዳንዱ ንብርብር ደረቅ እያለ ያብረቀርቃል። ስቡ ፍሙ ላይ እየተንጠባጠበ የሚያወጣው ጥቁር ጭስ ጎጂ ንጥረ ነገሮች ስላሉበት ነበልባል ሲነሳ ሥጋውን ወደ ዳር ማሸሽ፣ ያረረውንም ክፍል ቆርጦ መጣል ይመከራል።

ጥሬ ሥጋ የነካ ሶስና ብሩሽ ወደ ማዕድ አይመለሱም። ለመቀቢያ የሚሆነው አስቀድሞ በሌላ ዕቃ ሊቀነስ፣ ለማጥቀሻ የሚሆነው ደግሞ ንጹህ ሆኖ ሊቀመጥ ይገባል።

ለስንት ጊዜ ይቆያል?

በጠርሙስ የሚሸጠው ሶስ ለወራት የሚቆየው በፋብሪካ ሙቀት፣ በአሲድ፣ በብዙ ስኳርና አንዳንዴም በማቆያ ኬሚካል ነው። የቤቱ ሶስ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ይጎድሉታል።

የምግብ ደህንነት ባለሙያዎች የሚጠቅሱት ቁጥር 4.6 ነው። የአንድ ምግብ የአሲድነት መለኪያ፣ ማለትም ፒኤች፣ ከዚህ ቁጥር በታች ሲሆን ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መመረዝ የሚያስከትለው ባክቴሪያ ሊያድግ አይችልም። ቲማቲም ብቻውን በዚህ ድንበር ዙሪያ የሚዋዥቅ በመሆኑ በራሱ አይታመንም። ኮምጣጤውን ‘ጎመዘዘብኝ’ ብሎ መቀነስ ስለዚህ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ስኳርም ቢጨመርበት ጎምዛዛነቱን ይሸፍነዋል እንጂ አሲድነቱን አያስተካክለውም። ያልበሰለ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ነክሮ ከማቀዝቀዣ ውጭ ማስቀመጥም በዚሁ ምክንያት አደገኛ ነው።

በዚህ አዘገጃጀት የተሠራ ሶስ በፈላ ውሃ በጸዳና በደረቀ የጠርሙስ ዕቃ ተደርጎ በማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ መጠኑን በግማሽ ቀንሶ በጥቂት ቀናት መጨረስ ይሻላል። በማንኪያ ሲጨለፍ ደረቅና ንጹህ መሆኑ፣ ወደ ዕቃውም ጣት ወይም ሥጋ አለመግባቱ ዕድሜውን ይወስነዋል። ክዳኑ ያበጠ፣ አረፋ ያወጣ ወይም ሻጋታ የያዘ ሶስ ሳይቀመስ ይጣላል።

አዋዜስ?

ባርቤኪዩ ሶስ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ገበታ ሲመጣ ባዶ ቦታ አላገኘም። በርበሬው በጠጅ፣ በአረቄ ወይም በውሃ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር የሚለወስበት አዋዜ፤ ቃሪያ፣ ድንብላል ቅጠልና ሎሚ የሚፈጩበት አረንጓዴው የሶማሌዎች ባስባስ፤ የሞምባሳው ኡክዋጁ ሁሉም የሥጋን ስብ በሚያቃጥል ወይም በሚኮመጥጥ ነገር ለመቁረጥ የተዘየዱ ናቸው። ስኳር አብዝቶ የመጨመር ልማድ ግን አብዛኞቹ የላቸውም።

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ፣ በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው ሰፈሮች፣ በበጋ ወራት በየጓሮውና በየመናፈሻው ሥጋ ይጠበሳል። አዋዜውና የአሜሪካኖቹ ሶስ እዚያ በአንድ ጠረጴዛ ላይ መገናኘታቸው አይቀርም። ሁለቱን ማዋሃድም ከባድ አይደለም። ከላይ በተገለጸው አዘገጃጀት ውስጥ የበርበሬውን ቦታ አንድ የሾርባ ማንኪያ አዋዜ ሲተካው፣ ስኳሩም በማር ሲቀየር የሚወጣው ሶስ ለካንሳስ ሲቲም ለአዲስ አበባም ባይተዋር አይሆንም።

ሶሱ በተሠራበት ዕለት ኮምጣጤው ገኖ ሊሰማ ይችላል። በማቀዝቀዣ አንድ ሌሊት ሲያድር ቅመሞቹ ይዋሃዳሉ፣ ጎምዛዛነቱም ይለዝባል። ለቅዳሜ ጥብስ የታሰበ ሶስ ዓርብ ማታ ቢሠራ ይመረጣል።